የቡልቡላው ወፍጮና ሁለቱ ሻጮች

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆንኩ። በማታው ክፍል ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጠው ልጅ የመጨረሻ ልጄን ያህላል። ሁሉም «ማዘር» ነው የሚሉኝ፤ ለምጄዋለሁ። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ የቤት ሥራዬን አስቀድሜ እሠራለሁ፤ ያልገባኝን እጄን አውጥቼ እጠይቃለሁ። ልጆቹ አንዳንዴ ይስቁብኛል። ፈተና ሲደርስ ግን ደብተሬን ኮፒ ለማድረግ የሚሰለፉት እነሱው ናቸው።

ባለፈው መንፈቅ የኢኮኖሚክስ መምህራችን ስለ ትልልቆቹ ታዳጊ አገሮች ንግድ አስተማሩን። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ግን መምህር መምህር ነው። ቻይናና ህንድ አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው አንድ ገበያ ላይ ሲገናኙ ተፎካካሪ ይባላሉ፤ አንዱ የጎደለውን ከሌላው ሲያሟላ ደግሞ ተደጋጋፊ ይባላሉ ብለው አስረዱን። ከኋላ የሚቀመጥ ናሆም የሚባል ልጅ፦

«ቲቸር፣ ሾርት አድርጉልን። መጨረሻ ላይ ማን ነው የሚያሸንፈው?» አለ።

ክፍሉ እንደ ኳስ ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ቻይና!» ግማሹ «ህንድ!» እያለ ጮኸ። እኔ እጄን አወጣሁና ሁለቱንም ብዙ ዓመት ከቅርብ እንዳየኋቸው፣ ዋናው ጥያቄ ማን ያሸንፋል የሚለው እንዳልመሰለኝ ተናገርኩ።

«የት ነው ያዩአቸው?» አሉኝ መምህሩ።

«ኦሎምፒያ፣ ቢሮዬ ውስጥ። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ከሰዓት።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ጽፈው ያምጡልኝ» አሉ። እንደታዘዝኩት እነሆ ጽፌአለሁ። ከታዘዝኩት ትንሽ ረዝሟል፤ የሥራ ዘመንን አሳጥሮ መጻፍ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት አስመጪ ድርጅት ውስጥ በታይፒስትነት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ከተሰረዘ ሙሉውን ያስደግሙኝ ነበር። ያኔ አማርር ነበር፤ ዛሬ የቤት ሥራዬን ሁለቴ ገልብጬ የማስረክበው እሳቸው ባስለመዱኝ ነው። በዚያን ጊዜ ማሽን የሚመጣው ከአውሮፓ ነበር። ደብዳቤ ይላካል፤ መልሱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይመጣል፤ ማሽኑ ሲደርስ ያዘዘው ሰው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ይገኛል።

ድርጅቱ ሲዘጋ ኦሎምፒያ አጠገብ ያለ የግል ማሽነሪ አስመጪ ዘንድ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከቀድሞው ብዙም አይሻልም፤ ሰርቪስ ግን ነበረው። ሥራዬ የግዢ ሠራተኛነት ነው። ከሻጭ ፕሮፎርማ መቀበል፣ ለውጭ ምንዛሪ ባንክ ወረፋ መያዝ፣ ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ ትራንዚተሩን መከታተል። ወረቀቱ አያልቅም ነበር፤ ስለ ወረቀት ግን እዚህ ባበዛ አንባቢዬ እንቅልፍ ይወስደዋል። ደስ የሚለኝ ማሽኑ ነበር። ዱቄት ቤት፣ ዘይት መጭመቂያ፣ ብሎኬት ማምረቻ፤ ከሣጥን ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የባለቤቱን ፊት ማየት እወድ ነበር።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ የግዢ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሐጎስ ናቸው። ዓዲግራት ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው፣ መርካቶ ብረታ ብረት በመሸጥ ንግድን የተማሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲናደዱ ጭራሽ አይሰማም። ካታሎግ ሲመጣላቸው ዋጋውን የሚያዩት በመጨረሻ ነው። ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበር።

«ቀድሞ የሚበላሸው ምኑ ነው?»

«ምኑም አይበላሽም» ያለ ሻጭ ሻዩን ጠጥቶ ይሸኛል። «ይቺ የዘንጉ ቡሽ ቶሎ ታልቃለች» ያለ ግን ምሳ ይጋበዛል። ናሙና የመጣ እንደሆነ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሽፋኑን ፈትተው፣ ጣታቸውን ግሪሱ ውስጥ ነክረው ያሻሹታል። «ግሪስ የሚቆጥብ ፋብሪካ ብረትም ይቆጥባል» ይሉኝ ነበር። እኔም አብሬአቸው ጣቴን እነክር ጀመር። ባለቤቴ ማታ ማታ «አንቺ ቢሮ ነው ወይስ ጋራዥ የምትሠሪው?» ይለኝ ነበር።

አቶ ሐጎስ አንድ የማይጣስ ደንብ ነበራቸው፤ ሁለት ሻጮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። እሳቸው መርካቶ በነበሩበት ጊዜ ሁለት የውኃ ፓምፕ ሻጮችን አንድ ላይ ሻይ ጋብዘው ነበር። ሰዎቹ እዚያው ተዋወቁ፤ በማግሥቱ ሁለቱም አንድ ዓይነት የተወደደ ዋጋ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ «ሁለት ሻጭ ከተዋወቀ ገዢ ብቻውን ይቀራል» የሚል ቃል አወጡ። አንዱ ሻጭ ሌላው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳቀረበ፣ ዕቃው ለማን እንደሚሄድ እንዲያውቅ አይፈልጉም ነበር።

ህንዱና ቻይናው ወደ ገበያው ሲገቡ ይህ ደንብ ወርቅ ሆነ። የህንዱ ፋብሪካ ወኪል ሚስተር ራጄሽ ይባላሉ። አባታቸው ጅማ የሒሳብ አስተማሪ ስለነበሩ የልጅነት አማርኛቸው የመጽሐፍ አማርኛ ነው። የቻይናው ወኪል ዋንግ ደግሞ ወጣት ነው። ለመንገድ ሥራ መጥቶ፣ አማርኛን ከገልባጭ መኪና ሾፌሮች ተምሮ፣ እዚሁ የቀረ ነው። ሰውን ሁሉ «አንተ» ይላል፤ አቶ ሐጎስንም ጭምር። ሚስተር ራጄሽ ጠዋት ቢሮ ይመጣሉ። ዋንግን ከሰዓት በኋላ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ እናገኘዋለን።

አንድ ቀን ሚስተር ራጄሽ ቢሮ ሳሉ ዋንግ ሳይጠራ ደረጃውን ሲወጣ በመስኮት አየሁት። አቶ ሐጎስ በዓይናቸው ብቻ ጠቀሱኝ። ሚስተር ራጄሽን ይዤ በጓሮ ደረጃ አወረድኳቸው።

«ወይዘሮ ሮማን፣ ዛሬም በጓሮ ነውን የምንሰናበተው?» አሉኝ ቦርሳቸውን አቅፈው እየወረዱ።

«የፊቱ ደረጃ እየታጠበ ነው።»

«ይህ ደረጃ እንዴት ያለ ንጹሕ ደረጃ ነው! በመጣሁ ቁጥር ይታጠባል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም የገባቸው ይመስለኛል፤ በማግሥቱ ዋጋቸውን ቀንሰው መጡ። ዋንግም በጓሮ የሚወርድ ሌላ ሰው እንዳለ ሲጠረጥር ዋስትናውን ያረዝምልን ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አቶ ሐጎስ፤ እንዲህ ሲሉ ብቻ ነው ድምፃቸው ከፍ የሚለው። ብዙ ዓመት በዚህ መንገድ ብዙ ጥሩ ማሽን ገዛን። ደንበኛ ይመርቀን ነበር።

ከዚያ ከከተማው ዳር የቡልቡላዎቹ መጡ።

አዴ ጫልቱ የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ማሳቸው ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት ካሳ የተከፈላቸው ጎረቤታሞች ናቸው ማኅበሩን ያቋቋሙት። ቢሯችን የገቡት ኦቦ ቱሉ ከሚባሉ ሽማግሌ አባላቸው ጋር ነው። ወንበር ሳይስቡ ጀመሩ።

«የኛ ማሳ ላይ ፎቅ በቅሏል። ፎቅ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ዳቦ ይበላል። ስንዴ መዝራቱ ቀረብን እንጂ መፍጨቱን ማን ይከለክለናል?»

«ማንም፣ አዴ» አሉ አቶ ሐጎስ እየሳቁ። «መጀመሪያ ግን ይቀመጡ።»

ኦቦ ቱሉ አልሳቁም። በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው፦ «እኔ ይህን ነገር እየፈራሁ ነው የመጣሁት» አሉ። «ከካሳው የተረፈን ይኼው ነው። ከዚህ ወፍጮ ሌላ ለልጆቻችን የምናወርሰው መሬት የለንም። ከቆመ እኛም ቆምን ማለት ነው።»

አቶ ሐጎስ ነገሩን ከባድ አድርገው ያዙት። ሙሉውን ማሽን ከህንድ ብንገዛ የተፈቀደው የውጭ ምንዛሪ አይበቃም። ስለዚህ ወፍጮውን ከሚስተር ራጄሽ፣ ሞተሩን ግን ረከስ ከሚለው ከዋንግ ለመግዛት ወሰንን። እኔ ራሴ አስልቼ ያቀረብኩት ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነበር እላለሁ።

ሚስተር ራጄሽ ጠዋት መጥተው፦ «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሞተሩን ማን ሊያቀርብ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እሱን እኛ እናዘጋጃለን» አሉ አቶ ሐጎስ።

ከሰዓት ካፌ ውስጥ ዋንግ ማኪያቶውን እያማሰለ፦ «ፋዘር፣ ሞተሩ ምን ሊያዞር ነው?» አለ።

«ጉልበቱን ነግሬሃለሁ። ምን እንደሚያዞር የኛ ጉዳይ ነው።»

«ኧረ ፋዘር! ሚስጥር ነው እንዴ? አልሰርቅህም።»

«አትስረቀኝ። ዋጋ ንገረኝ።»

ዋንግ ትከሻውን ነቅንቆ ዋጋውን ተናገረ። በጣም ጥሩ ዋጋ ነበር። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ጥያቄው ያለ መልስ መቅረቱን ያየሁት እንደ ጥሩ ዘዴ ነው።

ባንኩም፣ መርከቡም፣ ጉምሩኩም በየተራቸው አስጠበቁን። በመጨረሻ ወፍጮውና ሞተሩ ቡልቡላ በተሠራው ሼድ ውስጥ ተገናኙ። መካኒካችን ከወፍጮው ጋር የመጣውን የብረት መዘውር፣ ፑሊውን፣ ሞተሩ ላይ ገጥሞ፣ ሁለቱን የሚያያይዘውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ወጥሮ አስነሳው። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። አዴ ጫልቱ የመጀመሪያውን ስንዴ በገዛ እጃቸው አፈሰሱት። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ወረደ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። ሲወርድ ሞቅ ያለ መሆኑን ሰው ሁሉ በእጁ አይቷል፤ አዲስ ማሽን ስለሆነ ነው አልን።

ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለ ዳቦ ቤት የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች ወሰደ። በሁለተኛው ቀን ጋጋሪው ራሱ በጋሪ አስጭኖ መለሳቸው።

«አዴ፣ እኔ ከናንተ ጋር ጠብ የለኝም» አለ አንድ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። ዳቦው ጠፍጣፋ ነበር። «ሊጡ አይነሳም። እርሾ ብጨምር አይነሳም፣ ባቆየው አይነሳም። ዱቄቱ ሞቷል።»

መጀመሪያ ስንዴው ተጠረጠረ። ኦቦ ቱሉ ተቆጡ፤ ስንዴውን ከአርሲ ድረስ ሄደው የመረጡት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ መብራቱ ተጠረጠረ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመጥተን ደህና ነው አለን። ቺንጋ ቶሎ ቶሎ ይበላ ጀመር። ዱቄቱ ሲወርድ የተቆላ ሽታ አለው። ወፍጮው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተነስቶ እንዲያርፍ ተደረገ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ።

የእኔ ሥራ ከኦሎምፒያ መድኃኔዓለም፣ ከመድኃኔዓለም ኦሎምፒያ መመላለስ ሆነ። ለሚስተር ራጄሽ ስነግራቸው በትሕትና ሰምተው «ወፍጯችን እንከን የለበትም፤ ምናልባት ሞተሩን ያቀረበው ወገን ይጠየቅ» ይሉኛል። ያ ወገን ማን እንደሆነ እንዳልነግራቸው ታዝዣለሁ። ዋንግ ደግሞ የሞተሩ ነገር ሲነሳበት መልሶ ይጠይቀኛል።

«ማዘር፣ ሞተሬ ይዞራል ወይስ አይዞርም?»

«ይዞራል።»

«ታዲያ ምን አጠፋ? የሚዞረው ነገር ነው ችግሩ። ምን እንደሆነ ደግሞ አትነግሩኝም!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ እንዴት ሁለት እውነት ተደምሮ አንድ የቆመ ወፍጮ ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን የጠላሁት ያኔ ነው። የከፋኝ ደግሞ አዴ ጫልቱ አለመቆጣታቸው ነው። ይደውላሉ፣ «እሺ፣ ሮማን» ይላሉ፣ ይዘጋሉ።

አንድ ሐሙስ ቀን ከኦቦ ቱሉ ጋር ቢሮ መጡ። አሁን የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው።

«እሁድ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ማሽኑ ይሸጥ የሚል ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በብረት ዋጋም ቢሆን ተሸጦ፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ይውሰድ። ብዙው ሰው ከኔ ጋር ነው። ጠልቻችሁ አይደለም። ሰዉ ሲጠብቅ አረጀ።»

«ከተሸጠ ማኅበሩም አብሮ ተሸጠ» አሉ አዴ ጫልቱ። «ሰዎቹን አገናኙኝ።»

«የትኞቹን ሰዎች?» አሉ አቶ ሐጎስ።

«ወፍጮ የሸጠውንና ሞተር የሸጠውን። ሼዱ ውስጥ አምጥታችሁ አቁሙልኝ።»

«አዴ፣ እኛ ሻጮችን አናገናኝም። ለእናንተው ብለን ነው። ከተዋወቁ ነገ...»

«ኦቦ ሐጎስ» አሉ አቋርጠዋቸው፤ እንደ ራሳቸው ወገን ኦቦ ይሏቸው ነበር። «እናንተ ሁለት ሰው ስትደብቁ እኔ ሁለት ማሽን አጋብቻለሁ። ሳይተዋወቁ የተጋቡ ናቸው፤ ይኸው አልስማማ አሉ። ዘመድ ተጠርቶ ይነጋገር እንጂ!»

አቶ ሐጎስ ስልኩን አነሱ። ስልኩን ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም። መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ለዋንግ፣ ቀጥሎ ለሚስተር ራጄሽ ራሳቸው ደወሉ። ለሁለቱም የተናገሩት አንድ ቃል ነው፦ «ነገ ጠዋት ቡልቡላ። ሌላ ሻጭም አለ።»

በማግሥቱ ሁለቱ ሼዱ በር ላይ ተገናኙ። ዋንግ ሚስተር ራጄሽን ከእግር እስከ ራስ አይቶ፦ «አሃ! በጓሮ የምትወርደው ሰውዬ አንተ ነህ!» አለ።

«በሐቅ ለመናገር፣ እኔ ነኝ» አሉ ሚስተር ራጄሽ፤ እጃቸውንም ዘረጉለት።

ወደ ውስጥ ገባን። ዋንግ ወፍጮውን እንዳየ ቆመ። ወደ ሞተሩ ሄደ፣ ወደ ወፍጮው ተመለሰ፣ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ፋዘር! ለዱቄት ወፍጮ ነው እንዴ? ለወፍጮ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት? ይኼ እኮ ፈጣኑ ነው። ለአየር ማናፈሻ ነው የሚሆነው!»

ሚስተር ራጄሽ ጎንበስ ብለው በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የመግለጫ ቆርቆሮ በመነጽራቸው አነበቡ። ሲነሱ ድምፃቸው ተለውጧል። «ጉልበቱ ልክ ነው። ፍጥነቱ ግን የኛ ወፍጮ ከሚፈልገው እጥፍ ነው። የእኛ ወፍጮ በእርምጃ የሚሄድ ነው፤ ይህ ሞተር ያስሮጠዋል። ለዚህ ነው ዱቄቱ ተቃጥሎ የሚወርደው።»

እንዲህ ቀላል ነበር። ጉልበታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዓይነት ሞተሮች አሉ፤ አንዱ ዝግ ብሎ፣ አንዱ እጥፍ ፈጥኖ ይዞራል። ዋንግ ለምን እንደሚሆን ባያውቅ ርካሹን ፈጣን ሰጠ። ሚስተር ራጄሽ ምን ሞተር እንደሚመጣ ባያውቁ ፑሊውን ለዝግተኛው ለክተው ላኩ። ሁለቱም ጠይቀው ነበር። ለሁለቱም አልመለስንም።

ሁሉም ሰው ወደ አቶ ሐጎስ ዞረ። ኮታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘው ቆመዋል።

«ጠይቀኸኝ ነበር» አሉ ዋንግን። «እርስዎም ጠይቀውኝ ነበር። ያልመለስኩት እኔ ነኝ። አዴ፣ ኦቦ ቱሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ኦቦ ቱሉ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሰው በመጠንቀቅም ይሳሳታል» አሉ። «ይቅርታው ይቅርታ ነው። እሁድ ግን እሁድ ነው።»

ፑሊውን ብቻ ለውጠን እንዳንገላገል ቦታው ጠባብ ነበር፤ ለወፍጮው የሚበቃ ትልቅ ፑሊ ክፈፉ አያስገባም። ሚስተር ራጄሽ ወደ ፋብሪካቸው ደወሉ። በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ተነጋገሩ። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ላይ ሐፍረትና ሳቅ አንድ ላይ ነበር።

«ኢንጂነራችን ምን አለኝ መሰላችሁ? በአገራችን ለምንሸጠው ወፍጮ ዝግተኛውን ሞተር ከውጭ እናስመጣለን አለኝ። ከየት ስል፣ ከቻይና። ከየትኛው ፋብሪካ ስል...» ወደ ዋንግ አመለከቱ።

ዋንግ ሳቁን ለቀቀው። «የኛ ፋብሪካ? ታዲያ እኛ እኮ ዘመድ ነን! እዚያ አንድ ማሽን ላይ አብረን እንሠራለን፣ እዚህ አንተ በጓሮ፣ እኔ በካፌ!»

አዴ ጫልቱ አልሳቁም። «ዘመድ ከሆናችሁ፣ እሁድ ሳይደርስ ወፍጮዬን አስነሱልኝ።»

ዝግተኛው ሞተር ቃሊቲ በዋንግ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ግን ለሌላ ደንበኛ የተቀመጠ ነው። ዋንግ ሼዱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ለደንበኛው ደወለ፣ ለመነ፣ ቀለደ፣ መልሶ ለመነ። «በናትህ! አንድ ወር ብቻ! ቡልቡላ ላለች እናት ነው» ይላል። በመጨረሻ አውራ ጣቱን አሳየን። ሚስተር ራጄሽ በበኩላቸው የተበሉትን ቺንጋዎች ከፋብሪካቸው በነፃ ለመተካት ቃል ገቡ። ማጓጓዣው በእኛ ሆነ። ይህንን ሁሉ ሲስማሙ አቶ ሐጎስ ዋጋ አልተከራከሩም። በሕይወቴ ሳይከራከሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሲለወጥ ዋለ። ዋንግ ብሎን ያስራል፤ ሚስተር ራጄሽ እጅጌያቸውን ሰብስበው የቺንጋውን ውጥረት በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ «ጥቂት ላላ ይበል» ይሉታል። የጾም ወቅት ስለነበር ምሳ የቀረበው የጾም ነበር። ሚስተር ራጄሽ ሥጋ ስለማይበሉ ደስ አላቸው። ዋንግ ግን ሽሮውን እየጠቀለለ «አዴ፣ ለሞተር ለዋጭ እንኳ ቁራሽ ሥጋ አይፈቀድም?» ብሎ አዴ ጫልቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቃቸው።

እሁድ አባላቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሼዱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አዴ ጫልቱ ንግግር አላደረጉም። ማስነሻውን ጫኑት። ሞተሩ ተነሳ፤ የቀድሞው ጩኸት የለበትም፤ እንደ ጠገበ በሬ ይተነፍሳል። ስንዴው ፈሰሰ። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር ማንም አላጨበጨበም፤ አንድ ጊዜ አጨብጭበው አፍረዋልና።

ኦቦ ቱሉ ከወንበራቸው ተነሱ። በትራቸውን ለሰው ሰጥተው እጃቸውን ከመውረጃው ሥር ዘረጉ። ዱቄቱ እስከ አንጓቸው ድረስ እስኪሸፍናቸው ቆዩ።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ስብሰባው ሲጀመር ማሽኑ ይሸጥ ያሉት ሰው ሐሳባቸውን እንዲያስረዱ ተጠየቁ። «ምን ሐሳብ?» አሉ ኦቦ ቱሉ። ያን ጊዜ ነው ጭብጨባው የመጣው። በማግሥቱ ጋጋሪው በዚያ ዱቄት ጋገረ፤ ዳቦው ጉብ ብሎ ተነሳ፤ ጆንያዎቹን ለመውሰድ ደግሞ ይኸው ጋሪ መጣ።

ለመምህሬ ለማስረዳት የፈለግሁት ይህንን ነው። ሁለት ትልልቅ አገሮች ሲወዳደሩ እኛ ትንንሾቹ ገዢዎች እንጠቀማለን፤ ዋጋ ይወርዳል፣ ዋስትና ይረዝማል። አቶ ሐጎስ በዚህ አልተሳሳቱም። ነገር ግን አንድ ማሽን የሁለት አገር ሥራ ሊሆን እንደሚችል ረስተን ነበር። ያ ሲሆን መጋረጃው መነሳት አለበት። መቼ መጋረድ፣ መቼ መግለጥ እንደሚገባ የሚናገር ምዕራፍ መጽሐፋችን ውስጥ ፈልጌ እስካሁን አላገኘሁም፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ወደፊት ይመጣ ይሆናል።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሠራሁት የመጨረሻ ግዢ የቡልቡላዎቹ ሁለተኛ ወፍጮ ነበር። አዴ ጫልቱ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፤ ሁለቱ ሻጮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ አሉ። አቶ ሐጎስ እስከ መጨረሻው አልተዋጠላቸውም። «ሮማን፣ ዋጋ ተስማምተው ይመጣሉ፤ ታያለሽ» ይሉኝ ነበር።

እንዳሉትም ሆነ። ሚስተር ራጄሽና ዋንግ በፊቱ ደረጃ፣ እየተጨዋወቱ ገቡ። ወፍጮው ከነሞተሩ የተገጠመ፣ አንድ ዋጋ። ዋጋው ደግሞ ወፍራም ነበር። አቶ ሐጎስ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረጉኝ።

አዴ ጫልቱ ወረቀቱን ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ስለ ተዋደዳችሁ ደስ ብሎኛል» አሉ። «በዝቷል እንጂ።»

«አዴ፣ ይኼ የመጨረሻው ነው፤ በናትሽ» አለ ዋንግ።

«የተከበሩ እናቴ፣ ከዚህ የሚወርድ አይደለም» አሉ ሚስተር ራጄሽ።

«እሺ። ችግር የለም።» ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ቱርኩ ከሰዓት ነው የሚመጣው። የሱን ልስማና እነግራችኋለሁ።»

ሁለቱ ተያዩ። «አንድ ደቂቃ» ብለው ወጡ። በመስታወቱ በኩል ኮሪደሩ ላይ ሲከራከሩ እናያቸዋለን፤ ዋንግ እጁን ያወራጫል፣ ሚስተር ራጄሽ ካልኩሌተራቸውን ይጫናሉ። ተመልሰው ሲገቡ ዋጋው አቶ ሐጎስ ራሳቸው ቢከራከሩ ከሚያገኙት በታች ነበር። አዴ ጫልቱ እጃቸውን ጨብጠው ሸኟቸው።

በሩ ሲዘጋ አቶ ሐጎስ በአክብሮት ጎንበስ ብለው ጠየቁ።

«አዴ፣ ይህ ቱርክ ማን ነው? እኛ አናውቀውም።»

«እኔስ የት አውቀዋለሁ፣ ኦቦ ሐጎስ?» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ካላችሁ አምጡልኝ፤ ለሦስተኛው ወፍጮ እፈልገዋለሁ።»